ከእጀታው እንጨት ሥር

መስከረም 3

ለወንድሜ፣

የአንተን ጤና፣ የባለቤትህን ጤና፣ የስፌት መኪናህንም ጤና ጠይቃለች ብለህ ያዝልኝ፤ ዛሬ ለሰላምታ የሚሆን ትዕግሥት የለኝም። የላክከው ፖስታ ደርሶኛል። ሦስት ፎቶ። አንደኛው የአውራ ጣትህ ነው። ሁለተኛው የሽጉጡ አፈሙዝ ነው፤ አፈሙዝ ምን ያደርግልኛል? ሦስተኛው ላይ አንተና የሽጉጡ ባለቤት፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ጎን ለጎን ቆማችሁ ትስቃላችሁ፤ ሽጉጡ የለበትም።

ይባስ ብለህ ዓይንህን በጨው ታጥበህ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ጥድፊያ ለአንድ አሮጌ ብረት ነው?» ትለኛለህ። እንደማያውቅ ሰው ከጠየቅከኝ እንደማያውቅ ሰው እነግርሃለሁ፤ ቁጭ በልና አንብብ።

የእናታችንን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ሸፍኗቸዋል። እኔ ዓይን ሆስፒታል ነው የምሠራው። ካርድ ክፍል ብሆንም የዓይን ሐኪሙ ያውቀኛል፤ «አምጫት፣ ዓይኗን አበራላታለሁ» ብሎኛል። ኅዳር ሲያልቅ ግን ተዛውሮ ይሄዳል፤ በእሱ ቦታ ማን እንደሚመጣ፣ ጭራሽ የሚመጣ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። እማዬ ግን አልመጣም ብላ ድርቅ አለች። በጋሼ ምክንያት። ጋሼ፣ የገዛ ታናሽ ወንድሟ፣ በጦርነቱ ጊዜ ያ ሽጉጥ፣ ሪቮልቨሩ፣ እጁ ላይ ፈንድቶ ሦስት ጣቶቹን ስለበላበት። ሪቮልቨሩ የተሠራው እሷ ጥራት ትፈትሽበት በነበረው ፋብሪካ ስለሆነ። ብረቱ ላይ 31 የሚለው የእሷ የፈታሽነት ቁጥር ተመትቶበት ስለተገኘ። ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጫማውን ታስራለች፣ ሥጋውን ትቆራርጣለች፣ ሻዩን ታማስላለች። «እጁን ያሳጣሁት እኔ፣ አሁን የራሴን ዓይን ላስበራ ብዬ ጥዬው ልሂድ?» ትለኛለች። ልትታወር ነው እኮ አንተ ልጅ!

እንግዲህ ባለፈው የጻፍኩልህን ልድገመው። ከእማዬ ጋር የሠራች አሮጊት ለሕክምና እኛ ጋ መጥታ ነበር። ቁጥሩ የሚናገረው ሽጉጡን ማን እንዳየው ብቻ ነው አለችኝ። ቢያልፍም ቢወድቅም ያው ቁጥር ይመታበታል። ፍርዱ የሚመታው ዝቅ ብሎ ነው፣ ኋላ የእጀታው እንጨት የሚሸፍነው ቦታ ላይ። ያለፈ ከሆነ ክብ፣ የወደቀ ከሆነ ኤክስ። እማዬም ይሄን አሳምራ ታውቃለች። ግን «ኤክስ የተመታበት ከበሩ አይወጣም፤ ከወጣ እኔ አሳልፌዋለሁ ማለት ነው» ብላ በራሷ ላይ ፈርዳለች። አሮጊቷ ይሄን ስነግራት ሳቀችብኝ። ከላይ ሲያስቸኩሏቸው ስንቱ ኤክስ ወጥቷል አለች።

ስለዚህ የምፈልገው እንጨቱ ተፈትቶ ሥሩ እንዲታይ ነው። ክብ ከሆነ አፌን እዘጋለሁ። ኤክስ ከሆነ እማዬ ነጻ ናት፣ ትመጣለች። ሁለት ብሎን መፍታት ነው። ጣትህን ሰብስበህ ፎቶ አንሳልኝ።

እህትህ


መስከረም 13

ለምወድሽም ለምፈራሽም እትዬ፣

እንዴት ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን፤ በደብዳቤሽ ከደረሰብን ጉዳት በስተቀር።

ሽጉጡን ባለፈው እንዳዘዝሽኝ በግራ በኩል ነው ያየሁት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለእኔ ግራ ማለት የለባሹ ግራ ነው። ሐኪሙ ደግሞ «የሽጉጥ ግራ የተኳሹ ግራ ነው» ይላል። ሁለታችንም አንድ ነገር እያልን ይመስለኛል፤ ግን ግማሽ ቀን ተከራከርን።

«ሁለት ብሎን መፍታት ነው» ላልሽው፣ እስቲ አንቺ መጥተሽ ሞክሪው። ሰውየው ጡረታ ከወጣ በኋላ የሕክምና ክፍሉን የሽጉጥ ቤት አድርጎታል። መርፌና ጉጠት የነበሩበት የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አሁን የጦርነቱ ሪቮልቨሮች ተደርድረዋል፤ በየሳምንቱ ዘይት ይቀባቸዋል። እንግዳ የሚቀመጠው የጥርስ ወንበሩ ላይ ነው፤ ሌላ ወንበር የለም። እኔ እዚያ ተንጋልዬ፣ እሱ ከላዬ ቆሞ በዚያችው ጥርስ በሚያይባት ትንሽ መስታወት ብረቱን እያገላበጠ ያስተምረኛል። ይሄ የፋብሪካው ማኅተም ነው፣ ይሄ ዓመቱ ነው፣ ይሄ በባሩድ ተፈትኖ ያለፈበት ነው፣ ይሄ ጦሩ የተረከበበት ነው። 31ንም አሳየኝ፣ ከቃታው በላይ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች።

«እንጨቱንስ ቢፈቱት?» ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። ብሎኖቹ ከፋብሪካ ከወጡ ጀምሮ መፍቻ አልነካቸውም። ጭንቅላታቸው ላይ አንዲት ጭረት ካረፈች ሽጉጡ ሞተ ማለት ነው አለኝ። «ጌታዬ፣ ጎኑ ተቦድሶ፣ ፈንድቶ! ከዚህ በላይ ምን ይሙት?» አልኩት። «ፈነዳ እንጂ አልተነካካም» አለኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ትነጋገሪያለሽ? ስረቀው ማለትሽ ከሆነ ደግሞ፣ እኔ ማታ በመስኮት አልገባም። ጋሼ ሽጉጡን በሰው ሠራሽ ጥርስ እንደለወጠው ታስታውሺያለሽ፤ «ጥርሴን ይመልስልኝና ወስዶ ይፍታው» አለ ሐኪሙ። ጋሼን ጠየቅኩት። በምን ላኝክ አለኝ። ለምን እንደፈለግነው ግን አልነገርኩትም፤ እንንገረው ወይ?

እማዬ ደህና ናት። ትናንት ግድግዳ ይዛ ስትሄድ አየኋት፤ ደክሟት ይሆናል።

ወንድምሽ


መስከረም 22

ለወንድሜ፣

አይ፣ ስረቅ አላልኩህም። ይሄን ከየት አመጣኸው? ማታ በመስኮት ግባም አላልኩህም። ለምነው፣ ተለማመጠው ነው ያልኩት። ዕድሜህን ሙሉ ሱሪያቸው ጠቧቸው ክብደት አልጨመርንም ከሚሉ ደንበኞች ጋር እየተግባባህ፣ አንድ ጥርስ ሐኪም አቃተኝ ትላለህ?

እሺ፣ እኔው ላስብልህ። ሽጉጦቹ ባዶ መስታወት ላይ ነው የተጋደሙት አይደል? የቁም ሣጥኑን መደርደሪያ በሙሉ በጥቁር የከፋይ ጨርቅ ላልብስልህ በለው። ብሎኑን አንተ እንዳትነካው፣ እሱ ራሱ ይፍታው፤ የሰው ጥርስ ሲነቅል የኖረ እጅ ብሎን አይጭርም። እንዲህ ስትለው ደስ ይለዋል።

ለጋሼ የምናደርገውን እንንገረው ወይ ላልከው፣ አንዲት ቃል እንዳይወጣህ። የሚፈራው ነገር አለ፤ ሻዩን የሚያማስልለት እንዳያጣ። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ግን ተመችቶታል።

ደግሞ ስለ እማዬ ከታች በአንዲት መስመር «ግድግዳ ይዛ ስትሄድ አየኋት፤ ደክሟት ይሆናል» ብለህ ታልፋለህ። አልደከማትም! አይታያትም! አንጀቴን አሳረርከው።

እህትህ


ጥቅምት 4

ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽ ወገቡ ተሻለው? የሆስፒታሉ ሥራ እንዴት ነው? እኛ ጋ ዝናቡ ቆሟል። መንገዱም ደርቋል። የጎረቤታችን አጥር ወድቆ ነበር፣ አሁን ተጠግኗል። ባለቤቴ በጣም ሰላም ትልሻለች፤ የላክሽላት ሹራብ ልክ ሆኗል፣ ክንዱ ላይ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ መጥቶልኝ ሥራ በዝቶብኛል፤ መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ያ ነገር ተፈትቷል። ከፋዩን ወዶታል። ሥሩ ግን ዝገት ነው፤ የሚነበብ ነገር የለውም።

በእኔ በኩል ነገሩን ብንተወው ጥሩ ይመስለኛል። እማዬን በሌላ መንገድ እንለምናት። ምናልባት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቢያናግሯት ምን ይመስልሻል? ለሁሉም ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 11

አንተ፣

ስለ ጎረቤት አጥር ሦስት መስመር፣ ስለ ሹራብ ክንድ ሁለት መስመር፣ ለጠየቅኩህ ነገር «ዝገት ነው»! ከመቼ ወዲህ ነው የባለቤቴን ወገብ የጠየቅከው?

ሰውየው ሽጉጦቹን በየሳምንቱ ዘይት ይቀባል ያልከኝ ራስህ ነህ። ለብሎን የሚሳሳ ሰው ብረቱን ሊያዝግ? እንጨት ደግሞ እንኳን ሊያዝግ የሸፈነውን ያቆያል፤ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ፎቶ ሥር የቀረ ቀለም አይተህ አታውቅም? ልጅ ሆነህ ብርጭቆ ስትሰብር ስለ አየሩ ታወራ ነበር። ዛሬም ያው ነህ።

ለጥርስ ሐኪሙ ራሴ ጽፌለታለሁ። ፎቶ እንዲያነሳልኝ ለምኜዋለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 17

እትዬ፣

በሞቴ፣ ከሐኪሙ ፖስታ ከመጣ ሳትከፍቺ ላኪልኝ። ምክንያቱን በአካል እነግርሻለሁ። ስለ እማዬ ከሆነ የተፈለገው ኤክስ ነው፤ ይኸው ነገርኩሽ፤ ኤክስ ነው። እሷ አላሳለፈችውም። ለእሷም እነግራታለሁ። ይሄ አይበቃሽም? በቃ፣ ፖስታውን አትክፈቺው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 23

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ የደረሰው ፎቶውን ካየሁ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርስም እከፍተው ነበር፤ ታውቀኛለህ።

ሐኪሙ ጥሩ አድርጎ ነው ያነሳው። ብረቱ አዲስ ይመስላል፣ ኤክሱም ጥርት ብሎ ይታያል። ከኤክሱ በላይ ደግሞ ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ 4። ሰውየው ለደስታው ልክ የለውም። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎልኛል፤ ይሄ የፍተሻ ክፍሉ አለቃ ምልክት ነው፣ ከኤክስ በላይ ሲመታ «በእኔ ኃላፊነት ይለፍ» ማለት ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር በእጃቸው የገባ ሰብሳቢዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። እንኳን ደስ ያለሽ!

ከመሳቢያ ማንኪያ አወጣሁና ከፎቶው ጎን አስቀመጥኩት። ከቤት ስወጣ ከወሰድኳቸው ማንኪያዎች አንዱን። አባዬ ያን የፍተሻ ክፍል አለቃነቱን መምቻ ጦርነቱ ሲያልቅ ይዞ መጥቶ ያልመታበት ዕቃ እንደሌለ ረሳኸው? ማንኪያው፣ የድስቱ ቂጥ፣ የእርሳስ ማስቀመጫችን ቆርቆሮ። በዚህ ምልክት እየበላን ነው ያደግነው። አሁን እንዴት እንዳወቅከው ገባኝ፤ ለምን እንደደበቅከውም ገባኝ። ባልደበቅከኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ ማወቅ አልነበረብኝም።

ተናድጃለሁ። በማን እንደምናደድ ግን ግራ ገብቶኛል። የሞተ ሰው ላይ መጮኽ ምን ይሠራል? እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ከእሱ ጋር እስከ መጨረሻው የነበርከው አንተ ነህ። ያውቅ ነበር?

እህትህ


ጥቅምት 29

እትዬ፣

ጥያቄሽን ሳነብ መቀሱን አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሱሪ አበላሽቻለሁ።

በአፉ ነግሮኝ አያውቅም። ግን አስቢው። ጋሼ እኛ ቤት ሲገባ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል የሰጠው ማነው? አባዬ። ጋሼ ሬዲዮኑን እስከ ጣሪያ ሲያስጮኸው፣ በምግቡ ሲያማርር፣ በሁላችንም ላይ ሲያዝ፣ አባዬ አንድ ቀን ተናግሮታል? እኛን በእርሳስ መሰበር የሚቆጣ ሰው! እኔ የዋህነት ይመስለኝ ነበር። ደግሞ እማዬ የጋሼን ጫማ ልታስር ስትንበረከክ ተነስቶ ይወጣ ነበር። ሁልጊዜ። የሚጠግነው ነገር ያጣ ይመስል ጓሮ ይዞር ነበር። ያውቅ ነበር እትዬ። እሱ ሲያውቅ እሷ ተንበርክካ ኖረች።

እኔ እንግዲህ አባዬን እወደዋለሁ። አንቺም። ስለዚህ ግማሹን ብቻ እንንገራት። ኤክስ ነው እንበላት፣ ከዚያ በላይ አንጨምር። ዓይኗን ታክማ ትምጣ፤ ባሏን ደግሞ አናሳጣት።

ወንድምሽ


ኅዳር 5

ለወንድሜ፣

ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማሁልህ፤ መዝግበህ ያዘው። ፎቶውን በመቀስ ቆርጬዋለሁ። ሦስት ማዕዘኑን አወጣሁት፤ ኤክሱ ብቻ ቀርቷል። ጠርዙም ተስተካክሏል፣ ማንም የተቆረጠ አይለውም። ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እማዬ እጅ ስጣትና «ይኸው በዓይንሽ እዪው» በላት።

የዓይን ሐኪሙ ትናንት ዕቃውን ማሸግ ጀምሯል። ወረፋ አስይዤላታለሁ። አሁን የቀረህ እሷን አውቶቡስ ላይ ማሳፈር ብቻ ነው። ይሄን ካበላሸህ ግን ወንድም አለኝ አልልም።

እህትህ


ኅዳር 13

እትዬ፣

ልብ በይ፤ ሁለት የደረስን ሰዎች ተጻጽፈን፣ ተመካክረን፣ ጠርዙን አስተካክለን ፎቶ ቆረጥን። ለማን? ማየት ለማትችል ሴትዮ። ፎቶውን እጇ ላይ ሳደርገው አገላበጠችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ «ለስላሳ ነው» ብላ መለሰችልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኤክስ እንደሆነ በአፌ ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። «ከኤክሱ በላይስ?» አለች። ምንም የለም አልኳት። «ታዲያ እንዴት ወጣ? የእኛ ክፍል አለቃ አንድ ነበር» አለችኝ። እኛ አላሰብነውም እትዬ። ፋብሪካውን የምታውቀው እሷ፣ የምንሸውደው እኛ! ዝናቡ ስለመቆሙ ልነግራት ጀመርኩ። «ኮቴን አምጣና ብረቱ ጋ ውሰደኝ» አለች።

ሐኪሙ የጥርስ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት፤ እንጨቱን ዳግም ፈታና መስታወቱን አቀበላት። «እሱን ለሚያይ ስጠው» አለችው። ሽጉጡን እንደያዘች ግን እጇ ሌላ ሰው ሆነ። በአውራ ጣቷ ጥፍር ብረቱን ተከትላ ሄደች። 31 አለች። ወረድ ብላ ኤክሱን አገኘችው፤ «ሁለቱም እግሩ እኩል ነው፤ አጥብቄ ነው የመታሁት» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ኩራት ነበር። ከዚያ ጥፍሯ ወደ ላይ ወጣና ቆመ። ሦስት ማዕዘኑን ዞረችው፤ ውስጡ ያለችውን 4 ሁለቴ ዳሰሰቻት። ሐኪሙ መስታወቱን ኪሱ ከተተ።

ስንመለስ አላለቀሰችም። መንገድ ላይ ግን ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። «ጋሼህ እጁን ያጣ ሰሞን ሌሊት ሌሊት አለቅስ ነበር። አባትህ ያቅፈኝና ‹አይዞሽ፣ የማይሳሳት ሰው የለም› ይለኝ ነበር» አለችኝ።  እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ፎቶውን መቁረጣችንንም እያለቀስኩ ነገርኳት።

እቤት ስንገባ ጋሼ ሻዬ ቀረ አለ። «ስኳሩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው» ብላው ወደ ክፍሏ ገባች። ለካ በግራ እጁ ማማሰል ይችላል።

ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው። አታሳምረው ብላኛለች።

ልጄ፣

ሐሙስ እመጣለሁ። ጋሼሽ አንድ ደህና እጅና ሁለት ጣት አለው፤ ይኖራል። ከወንድምሽ ሚስት ጋር እንዳይጨቃጨቅ አስጠንቅቄዋለሁ።

እናንተ ልጆች አናደዳችሁኝ። መቀስ ይዛችሁ ስትቆርጡልኝ እኔን ምን አድርጋችሁ አይታችሁኝ ነው? በሽጉጡ አጠፋሽ ተብዬ ስኖር አልሞትኩም፤ አላጠፋሽም ተብዬ እሞታለሁ?

ስለ አባታችሁ አትሟገቱልኝ። አታሳጡትም አትሸፍኑለትም። ሳሎንሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ አለው፤ ይሄኔ አውርደሽዋል፣ አውቅሻለሁ። መልሰሽ ስቀዪው፤ በደንብ ብርሃን የሚያገኝበት ቦታ ይሁን። የዓይኔ ፋሻ የተፈታ ቀን ማንንም ከማየቴ በፊት እሱ ፊት ታቆሚኛለሽ። የምጠይቀው ነገር አለኝ፤ ፊት ለፊት እያየሁት ነው የምጠይቀው። አንቺ ወጥተሽ በሩን ትዘጊልናለሽ።

እናትሽ